ሺዮን ግንብ፦ አባቴን ይዤ ስሄድ ምን ላሳያቸው?

የቀሃ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጄኔቭ ነው። አባቴ ከጎንደር ሊጠይቁኝ መጥተው ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ማስተማሩን ግን አልተዉትም። በመጡ በማግስቱ ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉበትን ከተማ በእግሬ ካልዞርኩ ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያዞሩኝ ዋሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይዘዋል። ወጥ ቤቴ ውስጥ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ የዚህ ወር ሥዕል በሐይቅ ላይ የቆመ ግንብ ነው። አባቴ በየጠዋቱ ቡናቸውን ይዘው ሥዕሉ ፊት ይቆማሉ። «ማን ሠራው? ምን አስቦ ውሃ ላይ ሠራው? ከፋሲል በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ዘጠኝ ዓመት በዚህ አገር ስኖር በባቡር መስኮት አይቼው አለፍኩ እንጂ ደጁን ረግጬ አላውቅም። የማውቀው ስሙን ብቻ ነው፤ ሺዮን።

በሚመጣው ሳምንት ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ወንድ ልጄም አብሮን ይሄዳል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቴ ፈረንሳይኛ ስለማያነቡ የማስረዳው እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ስተረጉምላቸው ደግሞ ነገሩ መሃል ላይ ይጠፋብኛል፤ እርሳቸውም አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ። ስለዚህ አስቀድሜ አውቄ መሄድ እፈልጋለሁ። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃው ይበዛ ይሆን? በእውነት ውስጡ ገብቶ ያየ ሰው ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሎዛን ነዋሪ

እኔ ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ገብቼ ነበር። ልቤ ያረፈው ከውጭ ሳየው ነው። ክፍሎቹ በአብዛኛው ባዶ ናቸው። በወርቅ የተለበጠ ወንበርና ምንጣፍ ያለው ቤተ መንግሥት ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ። ግድግዳ፣ ደረጃ፣ እንደገና ግድግዳ ነው። አባትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ከቬቬ ወይም ከሞንትሩ በመርከብ ተሳፍረው ከሐይቁ በኩል ቢያዩት ይበቃል እላለሁ። ፎቶግራፍም ከዚያ በኩል ነው የሚያምረው።

የሐይቅ ዳር አትክልተኛ

እህቴ፣ ክፍሎቹ ባዶ መሆናቸው እውነት ነው። ከውጭ ማየት ይበቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። በተለይ ለእርስዎ አባት አይበቃም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

እኔ በሞንትሩ በኩል ባለው የሐይቅ ዳር መንገድ ላይ አበባ ስተክልና ስኮተኩት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ግንቡን በበረዶም፣ በጭጋግም፣ በሐምሌ ፀሐይም አውቀዋለሁ። በዚህ አካባቢ ከአገር ቤት እንግዳ የመጣበት ሐበሻ ሁሉ ይደውልልኛል፤ ስንት ሰው ይዤ እንደገባሁ አልቆጠርኩትም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይታገሡኝ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ከአባትዎ ጥያቄ ልጀምር። ከፋሲል በፊት ነው፣ ያውም በብዙ። የሺዮን ስም በጽሑፍ ላይ የተገኘው በ1150 ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ይህ ግንብ አርጅቶ፣ ከመጀመሪያ ጌቶቹ እጅ ወጥቶ፣ የበርን ከተማ ምስለኔ ከገባበት እንኳ ልክ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር።

ምን አስቦ ውሃ ላይ ሠራው ለሚለው መልሱ ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ስለዚህ ቲኬት ለመቁረጥ አይቸኩሉ። ጀርባዎን ለግንቡ ሰጥተው ወደ ተራራው ይዩ። ተራራው እንደ ግድግዳ ወርዶ ሐይቁ አፍ ላይ ይቆማል፤ ለመንገድ የተረፈው መሬት ጠባብ ነው። ዛሬ አውራ ጎዳናውም ባቡሩም በዚያች ስንጥር ተጠጋግተው ያልፋሉ፤ ፈጣኑ መንገድ ደግሞ መሬት አጥቶ ከበላይ በኩል በድልድይ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያን ዘመን ከጣልያን ተነስቶ 2,469 ሜትር ከፍታ ያለውን የታላቁን ቅዱስ በርናርድ የተራራ በር አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ከነአጋሰሱ እዚህ ሳይደርስ አያልፍም ነበር። ሌላ መውጫ የለውም፤ በቀኙ ገደል፣ በግራው ሐይቅ። ከዳሩ ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ ከውሃው የወጣ አንድ የኖራ ድንጋይ አለት አለ። በአለቱና በዳሩ መካከል ያለው ውሃ ማንም ሳይቆፍረው የተገኘ የምሽግ ቦይ ነው። አለቱን የያዘ መንገዱን ያዘ፤ መንገዱን የያዘ ቀረጡን በላ። ግንቡ ኬላ ነበር። አባትዎ ኬላ ሲባሉ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ያቺ ጠባብ መተላለፊያ ዛሬም እንዳስፈራች ናት። ከግንቡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የተራራው ሆድ ውስጥ የስዊዝ ሠራዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፈለፈለው ምሽግ አለ። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ተራርቀው የተሠሩ ሁለት ምሽጎች፣ አንዲት በር ለመጠበቅ ተያይተው ቆመዋል። ልጅዎ ይህን ይወደዋል።

ከዚያ ዞር ብለው ግንቡን በሁለት ፊቱ ይዩት። በመንገዱ በኩል ያለው ፊቱ የጦረኛ ፊት ነው፤ ግማሽ ክብ የሆኑ ሦስት ማማዎች፣ ፍላጻ የሚወረወርባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች፣ ከላይ ድንጋይ የሚለቀቅበት ጉልላት። በሐይቁ በኩል ያለው ግን ሌላ ቤት ይመስላል፤ በአምድ የተከፈሉ ሰፋፊ የቅስት መስኮቶች አሉት። ጠላት በመሬት እንጂ በውሃ ይመጣል ብለው አልፈሩም፤ ስለዚህ ጌቶቹ መኝታቸውንም አዳራሻቸውንም በሐይቁ በኩል አደረጉ። ይህን በዓይንዎ ካዩ ውስጥ ገብተው አይጠፋብዎትም፦ ተራራው ባለበት ወታደር፣ ሐይቁ ባለበት ጌታ።

አሁን ማን ሠራው ወደሚለው ልምጣ፤ አባትዎ መቅረት የለባቸውም ያልኩበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው።

ግንቡን ዛሬ ባለው መልኩ ያስፋፉት በ13ኛው መቶ ዘመን በአልፕስ ተራሮች ግራና ቀኝ ይገዙ የነበሩት የሳቮይ መሳፍንት ናቸው። ከሁሉ የሚነሳው በ1268 የሞተው ጴጥሮስ ዳግማዊ ነው፤ የሥራው ኃላፊ ፒየር ሜንዬ ይባላል። ጴጥሮስ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሰው ነበር፤ ለንደን ውስጥ ሳቮይ የሚባለው ሆቴል ስሙን ያገኘው እርሱ ከነበረው ቤት ነው። ይህን አልፌው እሄዳለሁ። ጴጥሮስ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ግዛቱ ውሎ አድሮ ወደ ወንድሙ ወደ ቶማስ ልጆች ዞረ። ከቶማስ የወረደው ሐረግ መጀመሪያ መስፍን፣ በኋላ ንጉሥ እየተባለ፣ በመጨረሻም የመላዋ ጣልያን ንጉሥ ሆነ። የዚያ ሐረግ ልጅ ነው ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ። ሙሶሊኒ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ የታወጀለት ሰው ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ላይ እንደራሴው የነበረውና በአምባ አላጌ በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጁን የሰጠው የአኦስታ መስፍንም ሳቮይ ነው። አኦስታ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፤ ያ ነጋዴ ከነአጋሰሱ የሚነሳባት የበሩ ወዲያኛው እግር ናት።

የጣልያን ጦር በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈው የት እንደሆነ ለጎንደር ሰው አልነግርም። ፋሲል ግቢ የእነርሱ መምሪያ ሆኖ እንደነበር አባትዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የዚያ ንጉሥ አባቶች ሀብት የሰበሰቡበትን ኬላ አንድ የጎንደር መምህር በእግራቸው ሊረግጡ ነው። ይህን ያወቅሁት እዚህ መሥራት ከጀመርኩ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያወቅሁ ዕለት ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ግንቡ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ እስኪመሽ ተቀምጬ ነበር።

ሲገቡ ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ይውረዱ። ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ቦኒቫር እስር ቤት ነው፤ እርስዎም ይሂዱ፣ ግን አይሩጡ። በመሬት በኩል ያለው ግድግዳ ግድግዳ አይደለም፤ አለቱ ራሱ ነው፣ ሳይጠረብ እንዳለ። ወለሉም ያው አለት ነው። ከመካከሉ ምሰሶዎቹ ተነስተው እንደ ዘንባባ ቅርንጫፍ ወደ ጣሪያው ይከፈታሉ። እስር ቤት መሆኑን ያልነገሩት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ያማትባል፤ አንዲት እናት ይዤ ስገባ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲሳለሙ አይቻለሁ። ብትችሉ ፀሐይ ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ግቡ። ብርሃኑ ከሐይቁ ተንጸባርቆ በጠባቦቹ መስኮቶች ይገባና ጣሪያው ላይ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ከሮን ሸለቆ ቮዴር የሚባለው ነፋስ በተነሳ ቀን ደግሞ ማዕበሉ ግድግዳውን ሲመታ ድምፁ እዚያ ድረስ ይሰማል።

ፍራንሷ ቦኒቫር የእናንተ ከተማ ሰው ሊባል ይችላል፤ ጄኔቭ ደጅ ላይ የነበረ የቅዱስ ቪክቶር ገዳም አለቃ ነበር። የሳቮዩ መስፍን ቻርልስ ሦስተኛ ጄኔቭን ሊጠቀልል ሲታገል ከከተማዋ ጎን ቆመ። በ1530 መንገድ ላይ ተይዞ እዚህ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደ ሰው ተይዞ ከላይ ኖረ። በ1532 መስፍኑ ግንቡን ጎበኘ፤ ከዚያ በኋላ እስረኛው ወደ ምድር ቤት ወርዶ አራት ዓመት ተቀመጠ። በመጋቢት 1536 የበርን ጦር በመሬት፣ የጄኔቭ ጀልባዎች በሐይቅ መጥተው ሲከቡት ተፈታ። ወደ ጄኔቭ ተመልሶ የከተማዋን ታሪክ ጻፈ፣ ሸምግሎም በ1570 ሞተ። ያ መስፍን ቻርልስም የቪቶሪዮ ኢማኑኤል ቀጥተኛ አያት ቅድመ አያት ነው፤ አባትዎ ይህንንም መዝገባቸው ላይ ይጨምሩት።

በ1816 እንግሊዛዊው ባለቅኔ ባይረን በጀልባ መጥቶ ምድር ቤቱን አየና ስለ እስረኛው ረጅም ግጥም ጻፈ። ዓለም ወደ ሺዮን መጉረፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንዱ ምሰሶ ላይ የባይረን ስም ተጭሮ ያያሉ፤ ራሱ ጫረው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው ግን ያከራክራል። በግጥሙ ውስጥ የእስረኛው ወንድሞች እዚያው ይሞታሉ፤ ያ ከግጥም የመጣ እንጂ ከቦኒቫር ሕይወት የመጣ አይደለም። አባትዎ የታሪክ መምህር ስለሆኑ ይህን ለይተው ቢነግሯቸው ደስ ይላቸዋል።

ከላይ ያሉትን በአጭሩ። አዳራሾቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ ውስጥ የበርን ምስለኔዎች እየተተካኩ ያስሳሉት የቤተሰብ አርማ ግድግዳውን ሞልቶታል። የመስፍኑ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሳሉ እንስሳት ደብዝዘው ይታያሉ፤ ዓይን እስኪለምድ ይታገሡ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ትንሽ ናት፤ ሥዕሎቿ ቢጎዱም አባትዎ ሳይሳለሙ አይወጡም። መጸዳጃው ለልጅዎ ነው፦ ቀዳዳ ያለው ሳንቃ፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ ጉድጓድ፣ ከታች ሐይቁ። ልጅ ሁሉ እዚያ ይስቃል።

ተማሪ በበርን

አትክልተኛው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጨምር። ስለ እስር ቤቱ ሲነሳ የቦኒቫር ስም ብቻ ይጠራል፤ እርሱ መጻፍ የሚችል ሰው ነበር፣ ባለቅኔም አገኘ። ከእርሱ በፊት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን በዚሁ ግንብ የከፋ ነገር ተሠርቷል። በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጠፋ በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ አይሁዶች የውሃ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው ተያዙ። በመስከረም ወር በሺዮን በግርፋትና በሥቃይ አናዘዟቸው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ከማዶ፣ ከቶኖን የመጣ ባላቪኚ የሚባል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ሕመም ያስወጣውን ያንን ቃል ጽፈው ለሌሎች ከተሞች ላኩት፤ ስትራስቡርግም ደረሰ። በየካቲት 1349 የስትራስቡርግ አይሁዶች ተቃጠሉ። የዚያን ጊዜው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ስድስተኛ ወረርሽኙ አይሁዶችንም እየገደለ ነው፣ ክሱ ሐሰት ነው ብለው ጽፈው ነበር፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። በኋላ በበርን ዘመን ደግሞ ቡዳ፣ ጠንቋይ እየተባሉ የተያዙ ወንዶችና ሴቶች እዚህ ታስረው ተሠቃይተዋል፤ ግንቡ ያለበት የቮ አካባቢ በዚህ ክስ በአውሮፓ ብዙ ሰው ከተቃጠለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

የሐይቅ ዳር አትክልተኛ

ልጄ፣ ጥሩ አደረግህ። ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ጽሑፉ ረዘመ ብዬ ዘለልኩት፣ መዝለል አልነበረብኝም። እኔ እንግዳ ይዤ ስገባ የባይረን ስም ያለበት ምሰሶ ፊት ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ሲነሳ ሌላው ምሰሶ ጋ ሄጄ እቆማለሁ። ስም ያልተጫረበት ምሰሶ ጋ። የባላቪኚን ስም እዚያ እጠራለሁ፤ ቶኖን ከዚህ ወደ ምዕራብ በወዲያኛው ዳር ያለች ከተማ መሆኗንም እናገራለሁ። ዛሬ ፈረንሳይ ብትሆንም ያው አንድ ሐይቅ ነው። ሰው ታሞ ሲያልቅ ጎረቤቱን ቡዳ ብሎ መያዝ ምን እንደሆነ እኛም አገር የሚያውቅ ስላለ፣ ሐበሻ እንግዶቼ ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ።

ለእህቴ ስለ ልጁ፦ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ አያንስም ብዬ አምናለሁ፤ ሥቃዩን ሳይዘረዝሩ በውሸት እንደተከሰሱ ይንገሩት። ልጅ ሐሰተኛ ክስን ከአዋቂ ይልቅ ያውቃል፤ ከትምህርት ቤት ያውቀዋል።

የቀሃ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሳቮይን ነገር ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እንደገና አንብቢው» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት አምጪ ብለው የዘር ሐረጉን ከጴጥሮስ ወንድም ጀምረው መሳል ያዙ፤ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት አልተኙም። አሁን መሄዳቸው አይቀሬ ነው፤ የቀረው የጉልበታቸው ነገር ነው። ከጄኔቭ እንዴት ብንሄድ ይሻላል?

የሐይቅ ዳር አትክልተኛ

ከጄኔቭ እስከ ሞንትሩ ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ሐይቁ በቀኝ በኩል ስለሆነ በቀኝ ያስቀምጧቸው። ከሞንትሩ በሐይቁ ዳር ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፣ አበቦቹም የእኔ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለታመመ ጉልበት ግን አይሆንም። ቁጥር 201 አውቶቡስ ግንቡ ደጅ ያወርዳችኋል። በትንሹ ባቡር ከመጣችሁ ደግሞ ቬቶ ሺዮን በሚባለው ጣቢያ ወርዳችሁ ጥቂት መሄድ ነው። በመርከብ መመለስ ትችላላችሁ፤ ወንድማችን ከሎዛን ያሉት እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ከውሃው ላይ ሲታይ ያምራል።

ውስጡ ያለው ድንጋይ ወጣ ገባ ነው፤ ደረጃዎቹም ጠባብና የተበሉ ናቸው። ሊፍት የለም ብለው ይነሱ። የመጀመሪያው ግቢና ምድር ቤቱ በዝግታ ይቻላሉ። አዳራሾቹም ጊዜ ከሰጧቸው ይቻላሉ። ትልቁን ማማ ግን ይተዉት፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ልጁ ከእርስዎ ጋር ይውጣ፣ አባትዎ ከታች ይቆዩ። ጠዋት ገብቶ በአንድ ሰዓት ለመውጣት አያስቡ፤ ሦስት ሰዓት ይያዙ። ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት በፊት በሩን ለአዲስ ገቢ ይዘጋሉና ከሰዓት በኋላውን አያዘግዩት።

አንድ ነገር ይያዙልኝ። በሐይቁ በኩል ያሉት መስኮቶች ጥልቅ ናቸው፤ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ በሁለቱም ጎን የድንጋይ መቀመጫ አላቸው። አባትዎ ሲደክማቸው እዚያ ያሳርፏቸው። መሳፍንቱም የተቀመጡት እዚያው ነው።

የቀሃ ልጅ

ሄደን መጣን። ትናንት ማታ ደክሞኝ ስላልጻፍኩ ይቅርታ።

አባቴ እንዳላችሁት መጀመሪያ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ተራራውን አዩ። ቆይተው «ኬላ ነው፣ ምን ጥርጥር አለው» አሉ። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ የሳቁበትን ነገር ጠየቀችኝ፤ ኬላ ላይ ዛሬም ከፍለን ነው የምንገባው ማለታቸው ነበር።

ምድር ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የያዛቸው አለቱ ነው። ወለሉን በዘንጋቸው መታ መታ አድርገው ግድግዳው የት እንደሚጀምር አለቱ የት እንደሚያልቅ በእጃቸው እየዳሰሱ ፈለጉ። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየን፤ ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። የባይረን ምሰሶ ጋ ሰው በዝቶ ስለነበር ወደ ሌላው ሄድንና የባላቪኚን ነገር ነገርኳቸው። ልጄ «ሐኪም ሆኖ ሳለ?» አለ። አባቴ ቆባቸውን አወለቁ። ምንም አላሉም።

ከዚያ ቀስ እያልን ወጣን። ሁለተኛው አዳራሽ ላይ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ስለነበር ጋቢያቸውን አጥፌ አነጠፍኩላቸው። ከታች ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ማዶ የፈረንሳይ ተራራ ይታያል። «ጄኔቭ በየት በኩል ናት?» አሉ። ልጄ ወደ ምዕራብ ጠቆማቸው፤ ሐይቁ ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም እንደማትታይም ነገራቸው፣ ትምህርት ቤት ተምሮታል።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ወደ እርሱ ዞሩ። «እንግዲህ ይህን ቤት የሠሩት ሰዎች ልጅ ግንቦት አንድ ቀን የአንተ አገር ንጉሥ ነኝ አለ። ጃንሆይ ደግሞ እዚያ ማዶ፣ በዚሁ ሐይቅ ጫፍ፣ ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን አይደለህም አሉት። በመካከሉ ስንት ቀን አለ? በቃልህ አስላ፣ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው» አሉት።

ልጄ በጣቱ ቆጠረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ቆጠረ። እኛን አልፈው ወደ መኝታ ቤቱ የሚሄዱ ጎብኚዎች ቆም ብለው አዩት።

«ሃምሳ ሁለት» አለ።

«ሃምሳ ሁለት» አሉ አባቴም፤ እጃቸውን ዘርግተውልን አነሳናቸው።